የክብር እንግዳውና ባለብስክሌቷ

በባሕር ዳር ከተማ በብስክሌት ወተት እያዞረች የምትሸጥ አንዲት ሴት ነበረች። አንድ ጠዋት አቶ ልሳነወርቅ የተባሉ ባለሥልጣን በትልቅ መኪናቸው ከኋላዋ ደረሱ። ሰውየው «ብስክሌት እንንዳ፣ በመንገድም እንከባበር» በሚል በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የክብር እንግዳ ሆነው ንግግር ሊያደርጉ ይጣደፉ ነበር። ክላክሳቸውን ደጋግመው አስጮሁ። ሴትዮዋ ዳር ብትይዝም አልበቃቸውም፤ ታክከዋት ሲያልፉ ከነብስክሌቷ ቦይ ውስጥ ገባች፤ ወተቱም ፈሰሰ።

ሰው ተሰበሰበ። አቶ ልሳነወርቅ መኪናቸውን አቁመው ወረዱና በመጀመሪያ ቀለሙ አለመጫሩን አዩ። ከዚያ ወደ ቦዩ ዞረው ጮኹ።

«እናንተ ባለብስክሌቶች የሰው ክብር አታውቁም! በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት አሁኑኑ ይቅርታ ካልጠየቅሽኝ ብስክሌትሽን አስወርሰዋለሁ!»

ሴትዮዋ ያለዚያች ብስክሌት መተዳደሪያ የላትም። ጭቃውን ከፊቷ ጠረገችና ቀና ብላ አየቻቸው።

«ይቅር ይበሉኝ ጌታዬ» አለች። «እኔ ጳጳስ እንኳ ሲያልፉ ጎንበስ ብዬ ብቻ ነው እጅ የምነሳው። ለእርስዎ ግን ከነብስክሌቴ ቦይ ድረስ ወርጃለሁ። ክብሩ አነሰኝ ካሉ፣ ከዚህ በታች ያስቆፍሩልኝና እወርዳለሁ።»