ከሁለት አንዱን ምረጪ

አንድ ኮሌጅ ጎበዝ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከሰዓት በኋላ እየመጡ አንድ ኮርስ እንዲወስዱ ፈቀደ። ኮርሱን ያለፈ ተማሪ፣ ኋላ ኮሌጅ ሲገባ ይያዝለታል እንጂ ዳግም አይማረውም። አንዲት የጫማ ሰፊ ልጅ ይህን ሰምታ ሒሳብ ተመዘገበች። በየቀኑ የትምህርት ቤቷን አረንጓዴ ሹራብ እንደለበሰች እየሮጠች ትደርሳለች። ፈተናው ሲታረም ከኮሌጁ ተማሪዎች ሁሉ በልጣ ኤ አገኘች።

ነገሩ ለኮሌጁ ዲን ለዶክተር አጥናፉ አልተዋጠላቸውም። መምህሩንም ተማሪውንም አዳራሽ ሰብስበው ልጅቷን ፊት ለፊት አቆሟት።

«ስሚ አንቺ፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አሏት። «የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነሽ ወይስ የኮሌጅ? የሁለተኛ ደረጃ ነኝ ካልሽ ኤሽን እሰርዘዋለሁ። የኮሌጅ ነኝ ካልሽ ደግሞ ትምህርት ቤትሽ ከመዝገብ እንዲያወጣሽ አሁኑኑ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ከሁለት አንዱን ምረጪ!»

ልጅቷ ሹራቧን አስተካክላ ቀና አለች።

«እሺ ዶክተር፣ አመራረጡን እርስዎ ያስተምሩኝ» አለች። «እርስዎ የእናትዎ ልጅ ነዎት ወይስ የልጆችዎ አባት? ልጅ ነኝ ካሉ ልጆችዎ ዛሬውኑ አባት ፍለጋ ይወጣሉ። አባት ነኝ ካሉ ደግሞ ለእናትዎ መርዶውን የሚነግሩ ሽማግሌዎች እንላክ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ዲኑ ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ እሳቸውንም ሳቅ ቀደማቸው።

«ኧረ እናቴን አደራ፣ እንዳትነግሯት!» አሉና ውጤቷ ላይ ፈረሙላት።