የቀኛዝማች ፒካፕ ምርቃት

አንድ ገበሬ የእህል ተሳቢውን የሚጎትትለት መኪና ፈልጎ በሬዎቹን ሸጠና ቀኛዝማች አጥናፉ ደጅ ሄደ። ቀኛዝማች የሚሸጧት አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ ነበረቻቸው። አራት ሎሌዎች ቁልቁል ገፍተው፣ በጭስ ታፍነው፣ በመከራ አስነሷት።

«ብርድ ይዟት ነው እንጂ ተራራ ትጎትታለች!» አሉ ቀኛዝማች።

ገበሬው ሲያቅማማ ጊዜ ደጃቸው በተቀመጡት ሽማግሌዎች ፊት ተቆጡ። «የእኔን ዕቃ ንቀህ ልትሄድ ነው? በል፣ በእነዚህ ሽማግሌዎች ፊት ከመኪናዋ ጋር የፈለግኸውን ምርቃት ጠይቀኝ። እምቢ ካልሁ ሂድ፤ ከሰጠሁህ ግን ትገዛታለህ!»

ገበሬው የበሬዎቹን ዋጋ በጋቢው ውስጥ ጨብጦ እጅ ነሣ።

«እንግዲያው ጌታዬ፣ እነዚህን አራት ሎሌዎች ይመርቁልኝ። ተሳቢዬን ትጎትትልኛለች ብዬ የምገዛትን መኪና፣ እኔ ብቻዬን ገፍቼ አልችላትም።»