ብሬከሩን ያነሣችው ጎረቤት

«አንዲት ሴት ነበረች» አሉ አባ ዘሚካኤል፣ ሰናይት እንባዋን እስክትጠርግ ጠብቀው። ሰናይት የንስሐ ልጃቸው ናት። የሦስት ወር ጽንስ ወርዶባት ከባሏ በቀር ለማንም አልተናገረችም። እናቷ ግን ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር «የልጅ ልጄን መቼ ነው የምታሳቅፊኝ?» ትላታለች። «አባ፣ እናቴ እንደምትወደኝ አውቃለሁ፤ ታዲያ ለምን ታቆስለኛለች?» ብላ ነበር የጠየቀቻቸው።

አንዲት ሴት ነበረች፤ ባሏ የሞተባት፣ ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ የምትኖር፣ ለሰው የምትንሰፈሰፍ። በዚያው ግቢ የሚኖር አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ደግሞ እንደ ወንድሟ ነበር። ምድጃዋ ሲበላሽ የሚጠግንላት፣ ስትታመም ሐኪም ቤት የሚያደርሳት እሱ ነው።

አንድ ቀን ይህ ሰው የአንዱን ተከራይ የብሬከር ሳጥን ሊቀይር ገባ። አጥሩ ላይ ካለው ቆጣሪ ዋናውን ብሬከር አጠፋ፤ ሽቦውንም በቴስተር ፈትሾ መብራት አለመኖሩን አረጋገጠ። እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነው። ነገር ግን የቆጣሪውን ሳጥን አልቆለፈም፤ ወረቀት አልለጠፈበትም፤ ለማንም አልተናገረም። «ግቢው የራሴ፣ ሰዉ የራሴ፤ ማን ይነካብኛል?» ብሎ ሥራውን ጀመረ።

ሴትዮዋ ከገበያ ስትመለስ በመስኮት አየችው። ትንሽ ባትሪ በጥርሱ ነክሶ፣ ዓይኑን አጨንቁሮ ሽቦ ይፈታል። «ውይ ምስኪን፣ በጨለማ ዓይኑን ሊያጠፋ ነው! ብሬከሩ በራሱ ወርዶበት ይሆናል» አለች። ዘንቢሏን እንኳ ሳታስቀምጥ ወደ ቆጣሪው ሮጣ ብሬከሩን አነሣችው። ደስ ብሏት ፊቷን ስትመልስ ጩኸቱን ሰማች።

ሰውየው ተወርውሮ ግድግዳው ሥር ወድቋል። ነፍሱ ተረፈች፤ ሁለት ጣቶቹ ግን ተቃጥለው ተቆረጡ። ሴትዮዋ ሐኪም ቤት አልጋው ሥር ተደፍታ «እኔው በገዛ እጄ! ምነው እጄን በቆረጠው!» እያለች ደረቷን ደቃች። እሱ ግን በደህናው እጁ ትከሻዋን ይዞ፣ «ተነሺ እታለም፤ አንቺ ልታበሪልኝ ነው የሮጥሽው። እጄ ሽቦ ላይ መሆኑን መቼ ነገርኩሽ?» አላት።

ድኖ ወደ ሥራው ከተመለሰ በኋላ ዋናውን ሲያጠፋ ሳጥኑን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ይከታል። ከዚያም ቤት ለቤት እየዞረ «እየሠራሁ ነው፣ እንዳትነኩብኝ» ይላል። አስቀድሞ የሚሄደው ወደ እሷ ነው።

አባ ይህን ተናግረው ወደ ሰናይት ዞሩ።

«እናትሽም እንደዚህች ሴት ናት፣ ልጄ። ቤትሽ የጨለመ መስሏት ልታበራልሽ ትሮጣለች። እጅሽ የት እንዳለ ግን አታውቅም። ዝም በማለትሽ አልወቅስሽም፤ እንዲህ ያለ ሐዘን አፍ ያስይዛል። ነገር ግን ዛሬውኑ ሄደሽ ንገሪያት። እስክትነግሪያት ድረስ፣ ስለምትወድሽ ብቻ ደጋግማ ታነሣዋለች።»