የውጭው ማጥፊያና የዘሪሁን ልጅ ስም

በአንድ ወቅት፣ ሙቀቱ ጥላ ሥር እንኳ ሰውን በሚያስጨንቅበት በአዋሽ ዳር ቆላ፣ ጓንጉል የሚባል ሽንኩርት አምራች ገበሬ ይኖር ነበር። ንግግሩ ቁጥብ ነው፤ «እሺ» ካለ ብዙ ተናገረ ማለት ነው። ትሁን የምትባለው ሚስቱ ልቧን ታማ ሙቀቱ ትንፋሽ ሲያሳጥራት፣ ሦስቱ ልጆቿ ተጋግዘው ለመኝታ ቤቷ አየር የሚያቀዘቅዝ ኤሲ አስገቡላት። የኤሲው አንዱ ክፍል ከአልጋዋ በላይ ተሰቀለ፤ ማራገቢያ ያለበት ትልቁ ሳጥን ከቤቱ ጀርባ፣ ውጭ ተቀመጠ።

የመጀመሪያው ልጅ ላቀው የፋብሪካ ኤሌክትሪሽያን ነበር። ከውጭው ሳጥን አጠገብ ክዳን ያለው ማጥፊያ ሊገጥም ግድግዳውን ሲበሳ አባቱ ደረሰበት።

«ቤት ውስጥ ማጥፊያ የለም እንዴ?»

«አለ፣ አባዬ። ግን ይህን ማሽን የሚጠግን ሰው የሚቆመው እዚህ ነው። ማጥፊያው በዓይኑ ሥር፣ በእጁ አጠገብ ይሁንለት።»

«ዝናብስ?»

ላቀው ገመዱን በማጥፊያው አናት ሳይሆን በሥሩ አስገባው። ውሃ ገመዱን ተከትሎ እንዳይገባም፣ ከመግቢያው በፊት ወደ ታች ቆልመም አድርጎ መግቢያውን በጎማ ቀለበት አጠበቀው። ከዚያ መብራቱን ከቤት አጥፍቶ አንድ ባልዲ ውሃ ከላይ ደፋበትና ክዳኑን ከፈተ። ጓንጉል ጣቱን አስገብቶ ዳሰሰ። ደረቅ ነው።

«እሺ» አለ።

ሁለተኛዋ፣ ወሰኔ፣ እናቷን የምታስታምመው እሷ ነበረች። በሁለተኛው ዓመት ፀሐዩ ውሃ የሚከለክለውን የክዳኑን ጎማ ሰነጣጠቀው፤ ብሎኑም ዝገት ጀመረው።

«ፌስታል አልብሺው» አላት አባቷ።

«ፌስታል እርጥበት ያፍናል፣ አባዬ። ውስጡ ከዛገ የማጥፊያው እጀታ ዞሮም መብራቱ ላይቋረጥ ይችላል።»

በከተማቸው ልኩን ጎማ አጣች። በአይሱዙ ተጭና ወደሚቀጥለው ከተማ ሄደች፤ እዚያም የለም። በሦስተኛው ቀን አቧራ ለብሳ፣ አንዲት ጎማ በመሐረብ ቋጥራ ተመለሰች። ተርብ የሠራውን የጭቃ ቤት ጠርጋ፣ ዝገቱን አጽድታ፣ አዲሱን ጎማ አግብታ ክዳኑን ገጠመች። ማንም ልብ አላላትም።

ሦስተኛው ታፈሰ ነው። በልጅነቱ መብራት ይዞት ስለነበር፣ ሠላሳ ዓመት ሞልቶትም አምፖል አይቀይርም፤ ስልኩን ቻርጅ ሲሰካ እንኳ የጎማ ቦቲ ያጠልቃል። የሰፈሩ ሰው «ላስቲኩ» ይለዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኤሲው ማቀዝቀዝ አቆመ። ጠጋኙ ዘሪሁን ሲመጣ ደግሞ የከተማው መብራት ሄደ። የዘሪሁን ሚስት ከአሥራ አንድ ዓመት ጥበቃ በኋላ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ገብቶ ነበር፤ ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ለመብረር ቸኩሏል። የሳጥኑን ሽፋን ፈትቶ ገመዶቹን ሊነቅል ጎንበስ ሲል ታፈሰ መጣ።

«መጀመሪያ ማጥፊያውን አጥፋው።»

«የሌለ መብራት ይጠፋል እንዴ? ትራንስፎርመሩ ነው አሉ፤ ዛሬ አይመጣም። ሂድ ወደዚያ፣ ላስቲኩ!»

ታፈሰ ግን እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ፣ እጀታውን አዞረው። ከዚያ ክዳኑን በጀርባው ከልሎ ቆመ።

«ከዚህ አልነሳም።»

«ቁምበት፤ ጥላ ትሆነኛለህ!» አለና ዘሪሁን እየሳቀ ሁለቱን የተላጡ ገመዶች በባዶ እጁ ጨበጠ።

ከመንገዱ ማዶ ወፍጮ ቤቱ ጮኸ። የጎረቤት ቴሌቪዥን መናገር ጀመረ። መብራት መጣ።

ጓንጉል ከእርሻ ሲመለስ ዶማውን እንደተሸከመ አያቸው። ወፍጮው መሬቱን ያንቀጠቅጣል። በመንደሩ ገመድ ያለው ነገር ሁሉ ነቅቷል፤ በዘሪሁን እጅ ውስጥ ያለው ብቻ ተኝቷል። ዘሪሁን ገመዶቹን አልለቀቀም፤ እጆቹን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ያያቸዋል። የማይታይ፣ የማይሸት፣ ኮቴ የሌለው ነገር ከሩቅ ተራራ ድረስ መጥቶ፣ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆሟል። ጓንጉል ባርኔጣውን አወለቀ። ለምን እንዳወለቀ አላወቀም።

በዘጠነኛው ቀን የዘሪሁን ሚስት ሴት ልጅ ወለደች። አራስ ቤቷን እንደጨረሰች ባልና ሚስት ሕፃኗን ታቅፈው ወደ ጓንጉል ቤት መጡ።

«ጋሽ ጓንጉል፣ ስሟን እንዲያወጣላት የምንፈልገው እኔን ለእሷ ያተረፈውን ሰው ነው። አንድ ስም፣ ከአንድ ሰው። ማን እንደሆነ እርስዎ ይንገሩን» አለ ዘሪሁን።

«ማጥፊያው ባይኖር ታፈሰ ምን ያዞር ነበር?» አለ ላቀው። «እኔ ስገጥመው ገና ያላየሁትን ጠጋኝ አስቤ ነው።»

«አንተ ገጥመህ ሄድክ፤ እሱም አንዴ አዞረ» አለች ወሰኔ። «በየወሩ ክዳኑን ከፍቼ ያየሁት እኔ ነኝ። ጎማው ባይቀየር ኖሮ ማዞሩ ምን ይረባ ነበር?»

ታፈሰ መሬት መሬት እያየ፣ «እናንተ የለፋችሁት ዘሪሁንን ሳታውቁት ነው። እኔ ፊቴ ቆሞ ሳየው ነው ያጠፋሁት» አለ።

«ለእሱ ነው ወይስ ፈርተህ?» ላቀው ሳቀ።

«ፈርቼ ነው። ለእሱ ፈርቼ።»

ሳቁ ቆመ። የዘሪሁን ሚስት ሕፃኗን ጓንጉል መዳፍ ላይ አኖረችለት። ዶማ ባሻከረው መዳፉ ላይ ልጅቷ አዛጋች፤ ሦስቱም ልጆቹ አፍ አፉን ያዩታል።

እናታቸው ትሁን ከአልጋዋ ሆና፣ «ተናገር እንጂ! ልጅቷ ስም ሳይወጣላት ልትዳር ነው እንዴ?» አለችው።

ጓንጉል ሕፃኗን እንደያዘ ላቀውን፣ ወሰኔን፣ ታፈሰን በየተራ አያቸው። 

እናንተ የሰማችሁ፣ ሕፃኗ በእናንተ መዳፍ ላይ ብትሆን ለማን ትሰጧት ነበር? ገና ላልታየ ሰው አስቦ ለገጠመው፣ ማንም ሳያያት ለጠበቀችው፣ ወይስ እየተሳቀበት ላዞረው? ስሟን ማውጣት የሚገባው ለማን ነው?