የጳጉሜዋ ልጅና አንዱ ጋቢ

በአንድ ወቅት፣ ኮምፒውተር የኛን ቀን መቁጠር በተማረበት ዘመን፣ ኮድ እየጻፉ የሚኖሩ ሦስት የአንድ እናት ልጆች ነበሩ፤ እንዳሻው፣ አስናቀና ታናሻቸው ውባለም። ታላቁ እንዳሻው ቀንን ወደ ወር የሚያጠጋጋ፣ ላይብረሪ የሚሉትን የተዘጋጀ ኮድ ጽፎ፣ የፈለገ ፕሮግራመር ሁሉ እንዲጠቀምበት በነጻ ለቀቀው። የጻፈው ለደሞዝ ሥራ ነበር። የጳጉሜን ደሞዝ ማን በልቶ ያውቃል? ስለዚህ ጳጉሜን ጠቅልሎ መስከረም ውስጥ ከተታት። ደሞዝ የሚያሰላ ሁሉ መረቀው።

ኋላ ግን መስማት ለተሳናቸው ልጆች የተከፈተ አንድ ትምህርት ቤት ያንኑ ላይብረሪ ለምዝገባ ወሰደው። ትምህርት ቤቱ ልጆችን የሚቀበለው የተወለዱበትን ዓመት እያየ ነው። አዲስ ክፍል የሚከፍተውም የፊተኞቹ ሲጨርሱ ብቻ ስለሆነ፣ ያመለጠው አመለጠው። የእትዬ ደብሪቱ ልጅ ሶስና የተወለደችው ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ነበር። ኮምፒውተሩ ወደ መስከረም ሲገፋት ዓመቷም አብሮ ተገፋ። «አልደረሰችም» ተብላ ተመለሰች።

እትዬ ደብሪቱ እያለቀሱ ሲያልፉ ጎረቤቱ ሁሉ «አይዞዎት» አለ። ውባለም ግን አንጀቷን በላትና ጠየቀች።

«እትዬ፣ መቼ ነው የወለዷት?»

«በጳጉሜ ሩፋኤል፣ የኔ ልጅ። ዝናቡን ስንጠመቅ ነው ምጥ የያዘኝ።»

ትምህርት ቤቱ የእንዳሻውን ላይብረሪ እንደሚጠቀም ታውቅ ነበርና ውባለም ደነገጠች። የወንድሟን ኮድ ከፍታ መስመር በመስመር ወረደች፤ ስህተቱንም አገኘችው። የገዛ ወንድሟ ስም ነውና ከበዳት፤ ግን ሳትደብቅ ለሁለቱም ወንድሞቿ ነገረች።

«ይቺን መስመር ሰርዛትና እንገላገል» አለችው አስናቀን።

«ብሰርዛትማ የስንቱ ደሞዝ ይዛባል!» አለ አስናቀ። የደሞዙን ማጠጋጊያ እንዳለ ትቶ፣ ለልደት የሚሆን፣ ከዓመቱ የማያሻግር ሌላ ማጠጋጊያ ሠራ። በዘመነ ሉቃስ ስድስት ቀን የምትሆነዋን ጳጉሜ እንኳ ሳይተው ፈተነ። ምሳው እንደተከደነ ቀረ።

እሱ ሲጠግን ምዝገባው ሊዘጋ ደረሰ፤ የሶስናም ቦታ ለሌላ ሊሰጥ ሆነ። ወዳጆቹ እንዳሻውን «ዝም በል፤ ስምህ ይጠፋል» አሉት። አልሰማቸውም። ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄዶ በወላጆች ፊት ቆመ።

«ልጅቷ ደርሳለች፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ።

አንዱ ሳቀበት፣ ሌላው ሰደበው። ርእሰ መምህርቷ ግን «እስኪስተካከል ቦታዋን እይዝላታለሁ» አለች። አመሻሹ ላይ የአስናቀ ሥራ ደረሰና ሶስና ተመዘገበች።

በማግስቱ እትዬ ደብሪቱ ራሳቸው የፈተሉትን ጋቢ ይዘው መጡ። «ልጄን ትምህርት ቤት ላስገባልኝ ሰው ነው» አሉ። ሦስቱም ተያዩ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ ያካፍሏቸዋ!» አለ አንድ ቀልደኛ ጎረቤት።

«ጋቢ ሎሚ አይደለም፤ ብቀደው ማናቸውንም አያሞቅም» አሉ እትዬ ደብሪቱ።

ውባለም፣ እውነቱን እንናገርና፣ ጋቢውን ተመኝታዋለች። እሷ ባትጠይቅ ማን ያውቅ ነበር? ግን አስናቀ ባይጠግነው መጠየቋ ምን ይረባ ነበር? እንዳሻውስ ቦታውን ባያስይዝ ጥገናው ለማን ይሆን ነበር? ደግሞስ ችግሩን ያመጣው እሱ ራሱ አይደል? ልቧ ወዲያና ወዲህ አለባት። ሶስና የጋቢውን ጫፍ ይዛ ሦስቱንም በየተራ ታያለች።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ፤ ጋቢውን ማን ይልበሰው? ጠይቃ ስህተቱን ያገኘችው፣ ምሳውን ትቶ የጠገነው፣ ወይስ አጥፍቶ በሰው ፊት ያመነው?