መፍራት የተወው እግር

አንድ ጓንጉል የሚባል እህል ነጋዴ ነበር። ስኳር በሽታ ከያዘው ብዙ ዓመት ሆኖታል። ሆኖም ሁለት እግሩ ከገበያ ገበያ ያደርሰዋልና በሽታውን ከቁም ነገር አይቆጥረውም ነበር። ይባስ ብሎ እግሩ ከደነዘዘ ወዲህ ጉልበት የጨመረ መሰለው። «እሾህ እንኳ ፈርቶኛል» እያለ ይኩራራል። መቼም ሰው በጉዳቱ ሲኮራ ማየት አዲስ አይደለም።

በዚያ አገር ክረምቱ ሲወጣ ወደ ፍልውሃ መውረድ ልማድ ነው። ወንዶቹ ውሃው ከመሬት በሚፈልቅበት በኩል ተቀምጠው እግራቸውን ይነክራሉ፤ ቀድሞ ያወጣ ይሳቅበታል። ጓንጉልም ነከረ። ጎረምሳው ሁሉ «ኧረ በማርያም!» እያለ ሲፈናጠር እሱ ተደላድሎ ወሬውን ቀጠለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ውጣ! እግርህ ቀላ እኮ!» አለችው ሚስቱ የሻረግ።

«ተይኝ እባክሽ፣ ገና ለብ ማለቱ ነው።»

ሲወጣ የእግሩ ቆዳ አብሮት አልወጣም። ያኔም አላመመውም። የሻረግ እያለቀሰች ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ሐኪሟ ቁስሉን አየችና «ወደ አጥንት ከዘለቀ እግርዎ ይቆረጣል» አለችው። ለጓንጉል እግር ማለት እንጀራው ነው። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ፈርቶ አያውቅም።

«እንዴት ይሆናል? አንድም ቀን አሞኝ አያውቅም!»

«አባቴ፣ ሌባ ሲገባ ውሻዎ ካልጮኸ፣ ቤቴ ሰላም ነው ይላሉ?»

«አልልም። ውሻው አንድ ነገር ሆኗል እላለሁ።»

«የእግርዎ ውሻ ሕመም ነበር፤ ስኳሩ ድምፁን ወሰደው። ውሻው ካልጮኸ ባለቤቱ ተነስቶ ይዞራል።»

እግሩ ተረፈ፤ ትንሿ ጣት ግን ተቆረጠች። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ እግሩን ለብ ባለ ውሃ ይታጠባል፤ ሙቀቱን አስቀድማ በእጇ የምታየው የሻረግ ናት። በጣቶቹ መሃል ሳይቀር ያደርቅና ውስጥ እግሩን በመስታወት ይመለከታል። ትንሽ ጭረት ካየ ነገ አይልም፣ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ባዶ እግሩንም ደጅ አይወጣም።

አንድ ጠዋት ባልንጀሮቹ ለገበያ ሊጠሩት ሲመጡ ጫማውን ዘቅዝቆ ሲያራግፍ አገኙት።

«ጓንጉልም ፈሪ ሆነ በሉኛ!» ብለው ሳቁበት።

ከጫማው ውስጥ ሚስማር ዱብ አለ። ጓንጉል ሚስማሩን አንስቶ አሳያቸው።

«አዎ፣ ፈራሁ» አላቸው። «እግሬ መፍራት ትቷል፤ እኔ ካልፈራሁለት ማን ይፈራለታል?»

ወዳጆቼ፣ ሕመም አለመሰማት ሁሉ ጤና አይደለም። የሚጮኸውንማ ማንም ይሰማዋል፤ ጠባቂ የሚያስፈልገው ዝም ያለው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው። ስኳር ያለበት ዘመድ ካላችሁ ይህን አጫውቱት፤ አጫውታችሁም አንድ ነገር ጠይቁት፦ ውስጥ እግርህን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኸው መቼ ነው?