የአንጥረኛው ልጅ እሺታ

አንድ አየነው የሚባል አንጥረኛ ነበር። ጠገራ ብር አቅልጦ የሚሠራው አምባር በሩቅ አገር ሙሽሮች ሳይቀር ይፈለግ ነበር። ሚስቱ ቀድማው ስለሞተች አንዲት ልጁን ስንዱን እናትም አባትም ሆኖ አሳደጋት፤ ሙያውንም ያስተማረው ለእሷ ነው።

ስንዱ በልጅነቷ ምላሷ አያርፍም ነበር። ሁሉን ነገር “ለምን?” ትላለች፤ መልሱ ካልጣማት ትከራከራለች። አየነው ደግሞ “ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው” የሚለውን ተረት ከጸሎት አስበልጦ የሚወድ ሰው ነበር። ሽቦው ወፈረ ይላል፤ ወናፉን አበዛሽው ይላል፤ ሲጨንቀው አሳሳቋን እንኳ ያርማል። ክፋት ግን አልነበረውም። ልጄ ሰው ትሁንልኝ ብሎ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ስንዱ መጠየቁንም መከራከሩንም ተወች። ለሚነግራት ሁሉ መልሷ “እሺ አባዬ” ብቻ ሆነ። አባት ሆዬም “የእኔ ልጅ አንድ ቃል አትመልስልኝም” እያለ በጎረቤት ፊት ይኩራራ ጀመር።

አንድ ቀን ሽማግሌዎች መጡ። አይታው ለማታውቀው የሩቅ አገር ነጋዴ ስንዱን ሊጠይቁ ነው። አየነው አምባር እየቀጠቀጠ ነበርና በዚያው በመሥሪያው አስቀመጣቸው። ጥቂት እንደ መታ መዶሻውን አስቀምጦ አምባሩን በጉጠት ወደ ፍሙ መለሰው።

“ምነው፣ ሳታበቃ ተውከው?” አሉት ትልቁ ሽማግሌ።

“ድምፁን አልሰሙትም አባቴ? ስጀምር ወፍራም ነበር፤ አሁን ቀጥኖ ይጮሃል። ብር ሲመቱት ይደነድናል። በዚያው ከቀጠልኩ ይሰነጠቅብኛል። እሳት ሲያገኝ ነው ተመልሶ የሚለዝበው፤ ከዚያ ደግሞ እስኪበርድ እጄን እሰበስባለሁ።”

ቀጥሎ ልጁን ጠራትና የመጡበትን ነገር አስረዳት። “ምን ትያለሽ?” አላት።

“እሺ አባዬ” አለች ስንዱ።

ድምፅዋ ደስታም ፍርሃትም የለበትም፤ ቀጭንና ደረቅ ነበር። አየነው ያን ድምፅ ያውቀዋል። ዕድሜውን ሙሉ ብር ከሚቀጠቅጥበት መስፍ ላይ ሲሰማው የኖረ ድምፅ ነው። ልጁ ይህን ሰው ፈልጋ ሳይሆን ከእሱ መዶሻ ለመራቅ የትም ልትሄድ እንደ ቆረጠች ገባው።

“እሰይ! እሺ ካለች ምን ቀረ?” አሉ ሽማግሌው።

“ከእሷ የቀረ የለም፤ የቀረው ከእኔ ነው። እባካችሁ አባቶቼ፣ ሌላ ቀን ስጡኝ” ብሎ ሸኛቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እርማቱን ተወ። ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ምላሱን የሚበላው ቀን ብዙ ነበር። ሽቦ ስታቃጥል አይቶ ቁጣውን ዋጠው። ደኅና የሠራችውን “ይሄን እኔም አልሠራው” አላት። እውነቱን ነበር፤ ግን ብሏት አያውቅም ነበር። ስለ ጋብቻውም ደግሞ አልጠየቃትም። ስንዱ መጀመሪያ በጥርጣሬ አየችው። ቆይታ ሥራ ላይ ማንጎራጎር ጀመረች።

አንድ ጧት አባቷ የጨረሰውን አምባር አንስታ አገላበጠችው።

“አባዬ፣ እኔ እዚያ አገር አልሄድም” አለችው። “ባል ጠልቼ አይደለም፤ ሰውዬውን አላውቀውማ። ደግሞ ይሄ አምባርህ ጠርዙ ሻካራ ነው። የሙሽራ እጅ ይቧጭራል።”

አየነው ጣቱን በጠርዙ ላይ አዞረው። እውነትም ሻካራ ነው። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። በዕድሜው እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። ሽማግሌዎቹንም በቀጠሯቸው ቀን በክብር አብልቶ፣ “ልጄ አይሆንም ብላለች” ብሎ በኩራት ሸኛቸው።

ብር ያለ መዶሻ ቅርጽ አይዝም፤ በመዶሻ ብቻ ግን ይሰነጠቃል። ሰውም እንደዚሁ ነው። ተግሣጽ ያቀናዋል፤ በመካከል ፍቅርና ዕረፍት ካላገኘ ግን ይደነድናል፤ እኛም ድንዳኔውን ታዛዥነት ነው ብለን እንደሰታለን። በእርስዎስ ቤት ሁልጊዜ “እሺ” የሚልዎ ሰው አለ? ድምፁን ልብ ብለው የሰሙት መቼ ነው?